የቀበሌያችን ብቸኛ ሕፃን

ይኸውላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ያ መመሪያ ሲመጣ ሶዶ ውስጥ ከኔ በላይ የጮኸለት ሰው የለም። ወላጆች የቀበሌያችን አዳራሽ ተሰብስበን፣ «ዕድሜው ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፊርማ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ምናምን መጠቀም አይችልም፤ ሙከራው የሚጀመረውም በናንተ ቀበሌ ነው» ሲባል ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

«ልጆቻችን አለቁ እኮ!» አልኩ። «አንገታቸው ጎበጠ! ሜዳ ላይ ኳስ ሳቀብላቸው በደረታቸው ማብረድ ትተው ቪዲዮ ይቀርጹኛል!»

አዳራሹ ሳቀም፣ አጨበጨበም። ስሜ ደገፉ ነው፤ የስፖርት መምህርና የቀበሌያችን ታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ፤ ድምፄ ማይክ አይፈልግም። እዚያው የኮሚቴ አባል አድርገው መረጡኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ የቆርቆሮና የቀለም ሱቅ አላቸው፤ አያታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ግን ሰው ይወዳቸዋል። አንድ አመል አለባቸው፤ ፈርሙልኝ ላላቸው ሁሉ ይፈርማሉ። ቀበሌ ውስጥ ምስክር የጎደለው ሰው ካለ፣ ለቤት ይሁን ለመታወቂያ፣ ለሞተ ይሁን ለተወለደ፣ አቶ ኃይለመስቀል እስኪርቢቷቸውን ከደረት ኪሳቸው መዝዘው ጫር ያደርጉለታል። ማንበብ? ኧረ ተዉኝ! ሰው እያስቸኮለ ማን ያነባል?

አሁን ስለ እስራኤል ልንገራችሁ። እስራኤል አንጁሎ የቡድኔ አጥቂ ነው። በአሥር ዓመቱ፣ አባቱ በሞተ በዓመቱ፣ አጎቱ ከቦምቤ አምጥተውት እጄ ላይ ገባ። የመጀመሪያ ታኬታውን እኔ ነኝ የገዛሁለት። ኳስ ይዞ ሲዞር ተከላካዩ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው። አንድ ችግር ብቻ አመጣ፤ አደገ። እኔ ዓይኔ እያየ አደገብኝ። የምንወዳደረው ደግሞ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ነው።

በዚያ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳሰለጥን ዋንጫ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም። የሌላ ሰው ዋንጫ ሲያልፍ እንኳ ዳስሼ አላውቅም። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እስራኤል አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው፣ ዕድሜውን ቀነስኩለት። ከቀነሱ አይቀር ብዬ ስድስት ዓመት ቀነስኩ።

ክፉ ሰው ነው እንዳትሉኝ። ይሄን የማያደርግ አሰልጣኝ ካለ እጁን ያውጣ። ባለፈው ዓመት ከቦዲቲ የመጣ አንድ ቡድን ገጥሞን፣ በረኛቸው ላይ ጎል ስናስቆጥር አንድ ሕፃን ከመስመር ውጪ «አባዬ!» ብሎ ሲያለቅስ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወላጁ አጠገቡ የሌለ ልጅ የልደት ወረቀት ሲያወጣ ሦስት ምስክር ይበቃዋል። አንዱ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ጋሽ ሰብስቤ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛና የቡድናችን ሊቀመንበር። ሦስተኛው ሰውዬ ቀጥሮን ቀረ። በኛ ቀበሌ ግን ምስክር አይታጣም፤ ወረፋ ላይ ከቆመው ሰው አንዱን «እስቲ በሞቴ፣ አንዴ ፈርምልኝ» ማለት ነው። ነገ እሱ ሲቸግረው አንተ ትፈርማለህ። እኔ ውስጥ ቅጽ ስሞላ ጋሽ ሰብስቤ ወጡና አንዱን ከወረፋው ጎትተው በመስኮት አስፈረሙት። ማን እንደሆነ ቀና ብዬም አላየሁ። በ1997 የተወለደው እስራኤል በ2003 ተወለደ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ጥብቅ መመሪያ ሰጠሁት። እኔም መመሪያ አወጣለሁ! «ጢምህን በየማለዳው ተላጭ። ከተቃራኒ ቡድን ጋር በወፍራም ድምፅ አታውራ። የሌላ ቡድን ሰዎች ፌስቡክ እየገቡ ዕድሜ ይሰልላሉና አካውንትህም ላይ ከወረቀቱ ጋር አንድ አድርገው።» ልጁ ታዛዥ ነው፤ ሁሉንም አደረገ። ጢም መላጨት እንደሆነ ሥራው ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? አቶ ኃይለመስቀል። አምስት ዓመት ሙሉ ጢማቸውን የላጨው እሱ ነው።

እዚያው ደጅ ላይ ነው ከልጃቸው ከቤዚ ጋር የተዋወቀው። ቤዚ ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ተዋደው፣ ዘንድሮ አቶ ኃይለመስቀል ነገሩን ሰሙና፣ አንድ ቀን ፊታቸው አረፋ ተቀብቶ ሳለ «ሽማግሌ መላክ አታውቁም እንዴ?» አሉት። ልጁ ምላጩን ከእጁ ሊጥል ነበር። ቀኑ ተቆረጠ፤ እሁድ። የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ እሁዱን ተከትሎ በሚመጣው ቅዳሜ፣ ቦዲቲ ላይ። አቤት ደስታዬ! በአንድ ሳምንት ልጅ ልድር፣ ዋንጫ ልስም።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በፍተሻው ነው።

ሽማግሌ ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው ኮሚቴያችን የቀበሌውን ልጆች ከነስልካቸው አዳራሽ ሰበሰበ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች! የወሳኝ ኩነት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አያልነሽ መዝገቧን ዘርግታ ተቀመጠች። አያልነሽ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ናት፤ ገና ዓመቷ ነው፤ መዝገብ ላይ ቀልድ አታውቅም። እያንዳንዱ ልጅ እየቀረበ አካውንቱን ያሳያል፣ እሷ ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች።

የመጀመሪያው ልጅ ቀረበ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አያልነሽ ስልኩን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ይሄ ልጅ መቶ አራት ዓመቱ ነው ይላል።»

«ዓመቱን ወደ ታች ሳሽከረክረው እዚያ ላይ ቆመ» አለ ልጁ።

ሁለተኛዋ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ሦስተኛው አርባ። ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ቀረቡ፤ አንደኛው ከሌላው በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። የበረኛዬ የፋኑኤል አካውንት በአያቱ ስም ነው፤ ከነፎቶግራፋቸው። በመጨረሻ የራሴ ልጅ ማኅሌት መጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ልጄን አምናለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ።

«ማኅሌት ደገፉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት» አለች አያልነሽ። «የሁለት ልጆች እናት።»

አዳራሹ ፈረሰ በሳቅ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሁሉንም ዝጉ!» ብዬ ጮህኩ።

አያልነሽ ግን መመሪያውን ገለጠች። «አቶ ደገፉ፣ የሚዘጋው በሕፃን ዕድሜ የተከፈተና የወላጅ ፈቃድ የሌለው አካውንት ነው የሚለው። እነዚህ ሁሉ አዋቂ ሆነው ነው የከፈቱት። ለበላይ አካል እጽፋለሁ እንጂ እኔ የምዘጋው የለኝም።»

«ታዲያ አንድም አላገኘንም ልትዪ ነው?»

«ገና ነው። መዝገቡ ላይ ኖረው አዳራሽ ያልመጡትን በየስማቸው ፌስቡክ ላይ ፈልጌ ሳልጨርስ አልፈርምም» አለች።

ምነው ባልጨረሰች! አርብ ጠዋት ቀበሌ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሰው ተኮልኩሏል። እንዲህ ይላል፦ «ያለ ወላጅ ፈቃድ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲጠቀሙ የተገኙ ሕፃናት ስም ዝርዝር።» ከሥሩ፦ «ተራ ቁጥር 1፤ እስራኤል አንጁሎ፤ ዕድሜ 15።» ተራ ቁጥር ሁለት የለም። በቃ። በቀበሌያችን ውስጥ አንድ ሕፃን ተገኘ፣ እሱም የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ። ሌላው ሁሉ ዕድሜውን ሲጨምር፣ መዝገብና ስልኩ አንድ ሆኖ የተገኘው የኔ ታዛዥ ልጅ ብቻ ነው።

ከሥር የሰብሳቢው ፊርማ አለ፤ የአቶ ኃይለመስቀል።

ወደ ፀጉር ቤቱ በሩጫ ሄድኩ። እስራኤል ሰምቶ ኖሯል፤ የደንበኛ ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጧል።

«አትጨነቅ» አልኩት። «ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። ሰውዬው የራሳቸውን የሞት ወረቀት ብታቀርብላቸው ይፈርማሉ።»

«ኮች፣ ሽማግሌው እሁድ እኮ ነው።»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ሰሌዳ አያነቡም። ዝም በል።»

እሁድ ከሰዓት ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ጋሽ ሰብስቤና የእስራኤል አጎት። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆምን። አቶ ኃይለመስቀል ወጡ፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

አቶ ኃይለመስቀል ቀስ ብለው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ሳየው አወቅሁት፤ ያ ዝርዝር ነው።

«ትናንት ሱቄ ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ሲወጣብኝ ነው ሄጄ ያነበብኩት» አሉ። «ደገፉ፣ ይሄ እስራኤል አንጁሎ የሚባል ሕፃን የምታውቀው ነው?»

«አውቀዋለሁ... በመጠኑ።»

«አምስት ዓመት ጢሜን ላጭቶኛል። በአሥር ዓመቱ ነው አንገቴ ላይ ምላጭ ያሳረፈው?»

የእስራኤል አጎት ወደ ጣሪያው ያያሉ። ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ ሳል ጀመራቸው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ከሆነ፣ እናንተ ሽማግሌ ሳትሆኑ ሕፃን ልታጋቡ የመጣችሁ ወንጀለኞች ናችሁ፤ ፖሊስ ልጥራ። ሃያ አንድ ዓመቱ ከሆነ ወረቀቱ ሐሰት ነው። ልጄን የምትጠይቁኝ ለየትኛው እስራኤል ነው?»

እዚህ ላይ ምን ብል ጥሩ ነው? አፌን ቢቆርጠው! «እስከ ቅዳሜ አሥራ አምስት ነው» አልኩ፤ «ከቅዳሜ በኋላ ሃያ አንድ ይሆናል።»

ከጓዳ የቤዚ ሳቅ ሲያፈተልክ ሰማሁ። አባቷ ግን አልሳቁም።

«የፊታችን ቅዳሜ ከሐዋሳ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል፤ ልጁ ኢንጂነር ነው፣ ወረቀቱም አንድ ነው። የእናንተው ልጅ እስከ አርብ ሰው ሆኖ በወረቀት ካልመጣልኝ ለእነሱ ቃል እሰጣለሁ። በሐሰት ምስክር ትዳር አይመሠረትም! እነዚያን ሐሰት የመሰከሩ ሰዎች ብቻ ባገኘኋቸው፣ የት እንደምከታቸው እኔ አውቅ ነበር!»

ጋሽ ሰብስቤ በሳል ሊሞቱ ደረሱ። ውሃ አጠጥተናቸው ሳንቀመጥ ወጣን።

መንገድ ላይ «ምን ሆነው ነው የሚያስሉት?» ብላቸው፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለውኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ፖስተኛ ነበሩና የሰው ደብዳቤ ሳይከፍቱ መያዝ ያውቁበታል።

አሁን እውነቱን ልናገር። ሰኞ ወደ ቀበሌ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ወረቀቱ ሐሰት ነው ካልኩ ዋንጫው ቀረ፤ እስካሁን ያሸነፍነው ሁሉ ይሰረዛል። አሥራ አንድ ዓመት! «ሰውዬው ለማስፈራራት ነው፤ ቅዳሜን እንለፍና ሰኞ ይስተካከላል» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ማክሰኞ ማታ ፀጉር ቤቱ ሄጄ ይሄንኑ ለእስራኤል ነገርኩት።

እስራኤል ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር እየጠረገ ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ኮች» አለኝ፣ «ሁለት ዓመት ሕፃን ሆንኩልህ። ሠርግ ስጠራ ጢሜን ተላጭቼ ከልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ፊት ቤዚን እጇን ይዤ አላውቅም፤ ‹የሌላ ቡድን ሰው ያይሃል› ስላልክ። እናቴ እንኳ ከቦምቤ ስትመጣ ‹ሰው ፊት ትልቁ ልጄ አትበዪኝ› አልኳት። አንድም ቀን እምቢ ብዬህ አላውቅም። አሁን ሰው ልሁን። በቃ፣ ሃያ አንድ ዓመት ይሙላኝ።»

ድምፁ ወፍሮ ነበር፤ ያ ‹አታውጣው› ያልኩት ድምፅ። እኔ ምን አልኩ? «እስቲ እናያለን» አልኩት። ወይ ደገፉ! ያሳደግኩት ልጅ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ፣ እኔ እናያለን አልኩት።

ቤቴ ስገባ ንዴቴን የምወጣበት ሰው ፈለግሁ። ማኅሌት ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትጎረጉራለች።

«አንቺ የሁለት ልጆች እናት!» ብዬ ጮህኩባት። «ዕድሜ መዋሸት ከማን ተማርሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትሰድበኝ ፈልጋ አልነበረም፤ የእውነቷን ነው የጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ አንተ የእስራኤልን ቀነስክ፣ እኔ የራሴን ጨመርኩ። የቱ ነው ጥፋቱ፣ መጨመሩ ነው መቀነሱ?»

እናቷ ከጓዳ «በል መልስላት እንጂ፣ ኮች!» አለች። እራት ቀርቦልኝ ነበር፤ ያን የመሰለ ሥጋ በዳጣ ሳልነካው ተኛሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ነገር ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲጮህብኝ አደረ። ለአንድ ጣሳ ዋንጫ ብዬ ልጄን ልጥል? ልጄ ነው እኮ። ታኬታውን የገዛሁለት ልጄ ነው።

ረቡዕ ልጆቹን ሜዳ መሐል ሰብስቤ ነገርኳቸው። «የኔ ጥፋት ነው። ቅዳሜ አንጫወትም። ወረቀት አጭበርብሬ ነው፤ እናንተን የሚመለከት ነገር የለበትም።» አንዳንዱ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። በመጨረሻ በረኛዬ ፋኑኤል አፍንጫውን ጠራርጎ ተነሳ።

«ኮች፣ እኔ የእውነት አሥራ አራት ነኝ» አለ። «ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ከርሞ እንወስደዋለን።»

«አያትህስ?» አለው አንዱ፤ ያን የፌስቡክ ነገር ለማስታወስ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ፤ እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

ሐሙስ በጠዋት ቀበሌ ተገኘን፤ እኔ፣ ጋሽ ሰብስቤ፣ እስራኤልና ቤዚ። ማኅሌትም ትምህርት ከሰዓት ስለሆነ ተከትላኝ መጥታለች፤ ደብተር አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አቶ ኃይለመስቀልም ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደ ዳኛ ቆሙ።

«ዕድሜ ለማስተካከል ነው» አልኳት አያልነሽን። «ዋሽቼ ነበር።»

ስንት ጊዜ ተለማምጄው የሄድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ከዚህች ሌላ ቃል አልወጣኝም። አያልነሽ ለፍርድ ቤት የሚላክ ማመልከቻ አወጣችና ፋይሉን ከመደርደሪያ አወረደች።

«ያኔ የመሰከሩት ሦስቱም ሰዎች ራሳቸው ቀርበው ‹የመሰከርነው ትክክል አልነበረም› ብለው ካልፈረሙ እኔ ምንም አልነካም» አለች። «አንደኛ ምስክር፣ አቶ ደገፉ።»

«አለሁ።»

«ሁለተኛ፣ አቶ ሰብስቤ።»

«አለሁ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

ሦስተኛው! የሦስተኛው ሰው ነገር ትዝም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ወረፋ ላይ የተጎተተ መንገደኛ፣ ዲምቱ ይሁን ዱባይ የት ብለን ልንፈልገው ነው? እስራኤል ወደ ቤዚ ዞረ። ነገ አርብ ነው፤ ከነገ ወዲያ የሐዋሳው ሽማግሌ በር ላይ ይቆማል።

«እንደዚህ ነዋ!» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «ያ ሦስተኛው ሐሰተኛ የት አለ? አምጡታ! ማነው?»

አያልነሽ ፋይሉን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ፊርማውን አየች። ሰውዬውን አየች። ተመልሳ ፊርማውን አየች።

«ሦስተኛ ምስክር» አለች፣ «አቶ ኃይለመስቀል።»

ጋሽ ሰብስቤ እሁድ በሳል ሊሞቱ የደረሱት ሰው እንዳልሆኑ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«የቱ ኃይለመስቀል?» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

ፋይሉን አዙራ አሳየቻቸው። ያቺ እንደ ቀለበት የምትጠመዘዝ ፊርማቸው፤ ሰሌዳው ላይም፣ ወረቀቱ ላይም አንድ ናት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ አደረጉ።

«የሱቄን ግብር ልከፍል... ወረፋ ላይ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሰብስቤ ዞሩ። «ሰብስቤ! ‹ለአንድ የሙት ልጅ ነው፣ ትጸድቅበታለህ› ብለህ አልነበረም ያስፈረምከኝ?»

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። «አልጸደቅክበትም? ልጁ ይኸው ልጅህን ሊያገባ ቆሟል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቃለህ? እሁድስ በሬ ላይ ስጮህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰውን በገዛ ደጁ፣ በልጁ ፊት ማዋረድ የሽማግሌ ሥራ አይደለም።»

አቶ ኃይለመስቀል አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደው እስኪርቢቷቸውን መዘዙ። ሊፈርሙ ሲሉ አያልነሽ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አንብበው ነው የሚፈርሙት» አለች። «ጮክ ብለው።»

ወይ ጀግና ሴት! ሰውዬው ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈርሙበትን አነበቡ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። «እኛ ከዚህ በታች የፈረምን ሦስት ምስክሮች... ቀደም ሲል የሰጠነው ቃል ትክክል አልነበረም... እስራኤል አንጁሎ የተወለደው በ1997 ዓመተ ምሕረት መሆኑን...» እዚህ ላይ ቆም አሉ። ቀና ብለው እስራኤልን አዩት። አራት ቀን ጢሙን አልተላጨም ነበር፤ ፊቱ ላይ ጠቆርቆር ብሎ በቅሏል።

«ጎረምሳ ነህ ለካ» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ» አለ እስራኤል፤ በራሱ ድምፅ።

ቤዚ ሰው ሁሉ እያየ እጁን ያዘችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ አቧራ ዓይኔ ገባ ብዬ ነበር፣ ማንም አላመነኝም። አቶ ኃይለመስቀል ፈርመው ሲያበቁ «የሐዋሳዎቹን ደውዬ አስቀራለሁ» አሉ። «እናንተ ቅዳሜ ኑ። ያኔ ትቀመጣላችሁ።»

እኔም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አነበብኩና ፈረምኩ። ቅዳሜ ዋንጫው ቦዲቲ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ አቶ ኃይለመስቀል ቤት እቀመጣለሁ። ይቆጨኝ እንደሆነ ጠይቁኝ። ይቆጨኛል! ሰው እኮ ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ማኅሌት ተነሳች። ከደብተሯ መሐል አንድ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ያው ያ ያጨበጨብኩለት የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ነው። ስም፣ ማኅሌት ደገፉ። ዕድሜ የሚለው ላይ በትልቁ አሥራ ሦስት ተብሎ ተጽፏል።

«ያንን የሠላሳ አራቱን አጥፍቼዋለሁ» አለችኝ። «እምቢ ካልክ የለኝም ማለት ነው።»

ወረቀቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ሆኖ ብትቀጥል ማንም አይዘጋባትም ነበር፤ አያልነሽ ራሷ ተናግራለች። የአዳራሹ ጭብጨባዬ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ምስክርስ?» አልኳት። «ሦስት ምስክር አይፈልግም?»

«ወላጅ ብቻ ነው የሚለው፤ አንተ ትበቃለህ» አለችኝ።

ግድግዳው ላይ ደገፍ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከዚያ ፈረምኩላት።